የመጨረሻዋ ልኬት

ፕሮፌሰር ጋስፓር ሞንቴል ዕድሜያቸውን ሙሉ ያጠኑት የውሃን ገጽ ነው። በፈረንሳይ ሊዮን ከተማ ባለችው ጠባብ ላቦራቶሪያቸው ውስጥ፣ ማታ ጥልቀት የሌለው ገንዳ ውስጥ ውሃ ሞልተው ያሳድራሉ፤ ጠዋት ላዩ ምን ያህል እንደተወጠረ ይለካሉ። ትንሽ የሰው ወዝ ከነካው ልኬቱ ገደል ገባ ማለት ነው።

የቀረቻቸው አንዲት ቁጥር ብቻ ነበረች። እሷ ስትገኝ ሥራቸው ያልቃል፤ በማግስቱ ቁልፉን አስረክበው ጡረታ ይወጣሉ። ክፍሉን የሚረከበው ቲቦ የሚባል ወጣት ተመራማሪ ነው። ከወዲሁ መደርደሪያውን ሳይቀር በሜትር ለክቶ ጨርሷል።

ከመጋቢት ወዲህ ግን ውሃው በየጠዋቱ ተበላሽቶ ይገኛል።

"ዛሬም ያው ነው" አለች ቴክኒሺያኗ ማሪቮን። ሃያ ሁለት ዓመት አብረው ሲሠሩ ፕሮፌሰሩ አንድም ቀን "አንቺ" ብለዋት አያውቁም።

"ማን ይመስልዎታል?" አሉ ፕሮፌሰሩ።

"ማን ይሆናል? ያ ሜትር ይዞ የሚዞረው ነዋ! ሰልችቶዎት ጥለው እንዲሄዱ ነው።"

"እንግዲህ እንደገና እንጀምራለን።"

"እንጀምራለን እንጂ! እኔ እንደሆንኩ አልደከመኝም።"

ቲቦ ወደ ክፍሉ ድርሽ እንዳይል ተከለከለ። "ውሃዎን ምን ላድርገው፣ ልጠጣው?" ብሎ በንዴት ወጣ። የበሩ ቁልፍም ተለወጠ። ውሃው ግን መበላሸቱን አልተወም።

"በመስኮት እየገባ ነው" አለች ማሪቮን። ክፍሉ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው።

ገንዳውን በአልኮል እያጠቡ፣ ቀትር ላይ ዳቦና አይብ እየተካፈሉ ጸደዩ አለፈ። ማሪቮን ከድመቷ ሌላ ማንም እንደሌላት አንድ ቀን ነግራቸዋለች። እሳቸውም ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ፣ በር ከፍተው "መጣሁ" የሚሉት ሰው አልነበራቸውም። እሑድ ደግሞ አያልቅም።

ሰኔ ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ማለዳ፣ በሩን ገርበብ ብሎ አገኙት። በዚያ ሰዓት ማንም መኖር አልነበረበትም። ኮቴያቸውን አጥፍተው ተጠጉና በክፍተቱ አጮለቁ።

ማሪቮን ነበረች። ጣቷን ግንባሯ ላይ አሸት አደረገችና የውሃውን ገጽ ነካ አደረገችው።

ፕሮፌሰሩ በመጡበት እግራቸው ተመለሱ፤ ደረጃውን ሲወርዱም፣ እንደ ሌላው ማለዳ ሁሉ ግንባራቸው ላይ አሽተው ያዘጋጁትን የራሳቸውን ጣት በመሐረብ ጠረጉት።