ጀርባውን ሰጥቶ

በላቸው ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ከኋላው የዐሥራ አምስት ዓመት ልጁ ይርገዱ የወንዛዬ ፍል ውኃ ውስጥ ገብታለች። እናቷ አራስ ቤት ናትና ይዟት የመጣው እሱ ነው። አባት የደረሰች ልጁን ገላ አያይም፤ ሌላ ወንድ እንዳይቀርባት ግን ይጠብቃል።

ከታጨች ወዲህ እህል አልቀምስ ብላለች። ብርድ መቷት ነው ያለ አለ፤ ዛር ነው ያለም አለ። እሱ ደግሞ ፍል ውኃው ይሻላታል ብሎ ከወረታ እዚህ ድረስ በበቅሎ አመጣት።

"አባዬ፣ እኔ እኮ አላመመኝም።"

በላቸው ሊዞር ብሎ ራሱን ያዘ። ይህች ልጅ እሱ ፊት ከ"እሽ" ሌላ ቃል ወጥቷት አያውቅም።

"ታዲያ ምን ሁነሽ ነው?"

"የአቶ አንለይን ልጅ አላገባም።"

ደሙ ፈላ። "ሽማግሎቹ የመጡ ለታ ጠይቄሽ አልነበረም? አቀርቅረሽ ዝም አልሽ። እኔም እሽ ማለቷ ነው ብዬ፣ ኃይለ ሥላሴ ይሙት ብዬ ቃል ሰጠሁ። አሁን በምን አፌ እመልሰዋለሁ?"

"አባት ሲናገር ዝም በይ እያላችሁ አይደል ያሳደጋችሁኝ?" ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል፤ ግን አላቆመችም። "እማዋይሽም ዝም ብላ ነው የሄደች።"

እማዋይሽ ታላቋ ነበረች፤ በተዳረች በዓመቷ በምጥ ሞተች። ለባል ስትሰጥ እንኳ ቀና አለማለቷን፣ ጨዋነቷን፣ በላቸው ለለቅሶተኛው ሁሉ ሲያወራ ከርሟል።

"እሷም አልፈለገችም ነበር፤ ለኔ ነግራኛለች። ለእርስዎ ማን ይንገርዎት?"

በላቸው መንገዱን አሻግሮ አየ። ሐሙሲት ሂዶ፣ አቶ አንለይ ደጅ ቆሞ፣ ቃሌን አጥፌያለሁ ማለት ለፎገራ ሰው መሳቂያ መሆን ነው። ይሁን፣ ይሳቁ።

"ለብሻለሁ፤ ይዙሩ" አለችው።

አልዞረም። ዓይን ለዓይን ከተያዩ አፏ ተመልሶ ይያዛል ብሎ ፈራ።

"ቆይ ልጄ፣ እንዲሁ እንዳለሁ ንገሪኝ። እማዋይሽ ምን ነበር ያለችሽ?"

ይርገዱ መጥታ ድንጋዩ ላይ ጀርባዋን ለጀርባው ሰጥታ ተቀመጠች። የፀጉሯ ውኃ በጋቢው ዘልቆ ጀርባውን አሞቀው፤ እሷ ከየት እንደምትጀምር ታስባለች።