ከማን ይጥፋ?

ወይዘሮ አፀደ ልጃቸው የሚሠራበት ቤተ ሙከራ ገብተው ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ልጃቸው ኦቲስቲክ ነው፤ መጥፎ ትዝታን ከአንጎል የሚያጠፋ ሕክምና ላይ የሚመራመረውን ቡድን የሚመራውም እሱ ነው።

“ያንን ነገር አጥፋልኝ” አሉት።

“የትኛውን?” አለ፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል።

“እንግዳ በመጣ ቁጥር ጓዳ ውስጥ እቆልፍብህ የነበረውን። ሰው እንዳያይህ ብዬ... ስድስት ዓመት ሙሉ!”

“ሰባት ዓመት ከሁለት ወር ነው” አላቸው። ቁጣ አልነበረበትም፤ ልክ ያልሆነ ነገር ሰምቶ ማለፍ ስለማይችል ነው።

ከዚያ የፈቃድ ቅጽ አወጣና ስማቸውን ጻፈበት። “አያምሽም። ከሳምንት በኋላ ምንም አታስታውሺም።”

እናቱ ቅጹን በመዳፋቸው ሸፈኑት።

“የእኔን ስም ሰርዘው። እኔማ ሳስታውሰው ልኑር፤ የእጄ ነው። ካንተ እንዲጠፋ ነው የመጣሁት።”

እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

“እኔ አልፈቅድም” አላቸው። “እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ፣ በሩን ከመክፈትሽ በፊት፣ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለሽ ስታለቅሺ እሰማሽ ነበር። እሱም አብሮ ይጠፋል።”