ገጽ ዘጠና አንድ

የታሪክ ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ የዩኒቨርሲቲውን ውሳኔ አነበቡልን። "ከዛሬ ጀምሮ ከኢንተርኔት ኢንሳይክሎፒዲያ የጠቀሰ ተማሪ ዜሮ ያገኛል። መንገደኛ ሁሉ እየገባ የሚሞነጫጭርበት ነገር ነው።"

ከኋላ አንዲት ተማሪ ተነሳች።

"እውነትዎን ነው መምህር። በከተማችን እስር ቤት ቃጠሎ ማንም አልሞተም ይላል። አባቴ ጥሩነህ ግን እዚያው ነዶ አመድ ሆኗል። ስሙን በጻፍኩ ቁጥር ይሰርዙታል።"

"ይኸው! ሰማችሁ?" አሉ ጠረጴዛውን እየመቱ። "እንዲህ ያለውን ቅጥፈት ከየት ነው የሚያመጡት?"

"ምንጩን ከሥር ጠቅሰዋል" አለች። "የእርስዎ መጽሐፍ ነው፤ ገጽ ዘጠና አንድ።"

ግዙ ብለው ያዘዙን መጽሐፍ በየጠረጴዛችን ላይ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ገጽ ሲገለጥ ብቻ ተሰማ።