ቃል አቀባዩ አባት

«ይሄስ ሥዕል ምንድን ነው?» ትላለች የሆስፒታሉ ባለሙያ፣ ጭልፋ የመሰለውን መሣሪያ የሚጡ ግራ ጆሮ አጠገብ ደግፋ ይዛ።

ቀጭ፣ ቀጭ ይላል መሣሪያው።

«ድመት!» ትላለች ሚጡ፣ ትልቁ ወንበር ውጧት።

ስክሪኑ ላይ፣ በአንጎሏ ምስል ላይ፣ አረንጓዴ ነጥብ ይወጣል። ነገ ቀዶ ሐኪሙ ከአንጎሏ ዕጢውን ሲያወጣ አረንጓዴውን ቢነካው ንግግሯ አይጎዳም። መሣሪያው ሲያርፍበት ለአፍታ ቃል የሚጠፋባት ቦታ ግን ቀይ ነው፤ ቀዩን ማንም አይነካውም።

አባትየውን እንዳትፈራ ብለው ፊት ለፊቷ አስቀምጠውታል። ሹፌር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲያወራ የሚውል ሰው ዝም በል ቢሉት ከየት ያምጣው! ደግሞ ሕመሙ ከጀመራት ወዲህ ቃል ሲጠፋባት ድምፅ ሳያወጣ በከንፈሩ ያቀብላታል። ሰው ፊት እንዳታፍርበት ብሎ ነው እንጂ ሌላ ምን አለው?

የቁልፍ ሥዕል ይመጣል።

ቀጭ፣ ቀጭ። ሚጡ አፏን ትከፍታለች፤ ድምፅ የለም። ዓይኗ አባቷ ላይ ይተከላል። ከንፈሩ ሳያስበው ይንቀሳቀሳል።

«ቁልፍ!»

«ጎበዝ የኔ ማር!» አረንጓዴ።

ላብ ያጠምቀዋል። ወይኔ ልጄን! በገዛ አፌ!

«እህቴ፣ ቆይ! እኔ ነኝ በከንፈሬ የነገርኳት። ነጥቡን አጥፊው፣ በናትሽ አጥፊው!»

ባለሙያዋ ክው ትላለች። «ምን ነካዎት? ሌሎቹንስ?»

«እኔ እንጃ። ልማድ ሆኖብኝ አላስተውለውም።»

«እንግዲያው ሁሉንም እንደግማለን። ከቁልፉ እንጀምር። እርስዎ ውጭ ይጠብቁን።»

«አባዬ አይሂድ!» ሚጡ ልታለቅስ ነው።

አባትየው ኮፍያውን አውልቆ አፉን ይከድንበታል።

ቀጭ፣ ቀጭ። ሚጡ ፊቱን ታስሳለች፤ ኮፍያ ብቻ። ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል። እንባዋ ዱብ ይላል። እሱም የኮፍያውን ጠርዝ ይነክሳል።

ቀይ።

«አገኘነው» ትላለች ባለሙያዋ ቀስ ብላ፣ መሣሪያውን እያነሳች።

«ቁልፍ ነው!» ትጮኻለች ሚጡ ወዲያው፣ በንዴት ቀልታ። «አባዬ፣ ለምን አልነገርከኝም?»

አባትየው ሊመልስላት ይፈልጋል። ግን ኮፍያውን ከአፉ ላይ ማንሳት ፈርቷል።