ከወንበር የሸሸችው

ሰባት ዓመት ሙሉ የብድርና ቁጠባ ተቋሙ ወንበር ላይ ተጎልታ ፋይል ስታገላብጥ ወገቧ ሊቆረጥ ደርሶ ነበር። ስለዚህ ገበያ እየዞሩ ነጋዴውን ቁጠባ የሚያስጀምሩ ሠራተኞች ሲፈለጉ ማንም ሳይቀድማት ተመዘገበች። ከእንግዲህ መቀመጥ የሚባል ነገር የለም! ሥራ አስኪያጁ አቶ ሽብሩም "እግርሽ እንዳይጎዳ" ብለው አዲስ ሸራ ጫማ ሰጧት።

የመጀመሪያውን ቀን ሽንኩርት ተራን ከዳር እስከ ዳር አካለለችው። በየመደብሩ ፊት ቆማ ብታስረዳም ሰዉ ሁሉ ፊቱን አዞረባት። ሲመሻሽ ሽንኩርት ሻጯ እትዬ ዘነቡ አላስችላቸው አለ።

"ልጄ፣ እኛ ዘንድ ቆሞ የሚያወራ ግብር ሰብሳቢ ነው፤ አለዚያም ደንብ አስከባሪ። እንግዳ ከሆንሽ ቁጭ በይ!"

ጆንያ ላይ ቁጭ አለች። መጀመሪያ የልጆቻቸውን ወሬ፣ ቀጥሎ የጉልበታቸውን ሕመም አዳመጠች። በመጨረሻ እትዬ ዘነቡ ራሳቸው፣ "እስቲ ያን ወረቀትሽን አምጪው" አሏት።

ወሩ ሲያልቅ የሽንኩርት ተራ ግማሹ ተመዝግቦ ነበር። አቶ ሽብሩ ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው።

"አንቺ አንበሳ! በይ ሌላ ጫማ ይሰጥሽ፤ ያኛው መቼም አልቋል።"

ጎንበስ ብላ እግሯን አየች። ጫማው ዛሬ የተገዛ ይመስላል። ያለቀውስ የሱሪዋ መቀመጫ ነው።

"ጫማው ይቅር፣ ጋሼ" አለች እየሳቀች። "ይልቅ ይዤው የምዞር አንድ በርጩማ ይገዛልኝ።"