እንግሊዝኛ የሚሰማው ውሻ

ፈረንጇ ለእረፍት አገሯ ስትሄድ አዲሱን ዘበኛ በተሰባበረ አማርኛ አስጠነቀቀችው። ውሻው እንግሊዝኛ ብቻ ነው የሚሰማው፤ እስክትመለስ ካልታዘዘለት ሌላ ሰው ትቀጥራለች።

ሰውየው ጸጉሩ ገብስማ ከሆነ በኋላ ከሬዲዮ እንግሊዝኛ መማር ጀመረ። ዳሩ ግን «ጌት» የምትባል አንዲት ቃል ፍዳውን አሳየችው። «ጌት አፕ» ተነስ፣ «ጌት ዳውን» ውረድ፣ «ጌት አውት» ውጣ፤ ብቻዋን ስትሆን ማግኘት፤ ሲበርድም ጌት፣ ነገር ሲገባህም ጌት።

«አንዲት ቃል ስንት ቤት ትዞራለች፣ እናንተዬ!» ይላል እየተማረረ።

ውሻው ግን ተጋድሞ በሰለቸ ዓይን ያየዋል።

«አነጋገርህ የገጠር ሆኖበት ይሆናል» ትለዋለች ወጥ ሠሪዋ እትዬ ባፈና እየሳቀች።

ፈረንጇ ልትመለስ አንድ ቀን ሲቀራት፣ ውሻው ገርበብ ባለው በር ሾልኮ የጎረቤትን የዓመት በዓል በግ እግር ነከሰ።

«ጌት ዳውን! ጌት ባክ! ጌት... ኧረ ምን ጉድ ነው!»

ማን ሰምቶት! እንጀራው ሲቆረጥ ታየው። ተንበርክኮ፣ እጆቹን ወደ ሰማይ ዘርግቶ «አቡነ ዘበሰማያት...» ማለት ጀመረ።

ውሻው በጉን ለቀቀ። ቀስ ብሎ መጥቶ አጠገቡ ተኛና ራሱን በፊት እግሮቹ ላይ አሳረፈ።

ጩኸቱን ሰምታ የወጣችው እትዬ ባፈና የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ ወሰደች።

«ነፍሱን ይማረውና፣ የቀድሞው ዘበኛ ጋሽ እርገጤ ሲጸልይ ልክ እንዲህ ነበር የሚተኛለት።»

ሰውየው ውሻው እንዳይነሳበት «አሜን» ብሎ ለመጨረስ ፈራ። ጸሎቱን ከመጀመሪያው ደገመው።