ባትሪ ሲዘጋ ብቻ

«ሲጋራ ያጨሳሉ?» አለችው ሐኪሟ፣ ሆሳዕና መናኸሪያ ፊት ለፊት ባለው ክሊኒክ።

«ትቻለሁ፤ ስምንት ወር ሆነኝ» አለ፣ ሳሉን በመዳፉ እያፈነ።

ሚስቱ ያቀፈችለትን ጃኬት ኪስ ዳበሰች። መጀመሪያ ማንጎ ማንጎ የሚሸተው ቬፕ፣ በባትሪ የሚሠራው የእንፋሎት ማጨሻ፣ ወጣ፤ እሱን ታውቀዋለች። ቀጥሎ ግማሹ ያለቀ ፓኮ ሲጋራ ወጣ። ብግን አለች። ሁለቱንም ጠረጴዛው ላይ ጣለቻቸው።

«አንተ ሰው! ቤተ ክርስቲያን ቆመህ ‹ጌታ ከሲጋራ ነጻ አወጣኝ› ብለህ መስክረሃል እኮ! ምእመኑ ሁሉ ‹ሃሌ ሉያ!› ብሎልሃል!»

«ሲጋራው ባትሪ ሲዘጋ ብቻ ነው።»

«ሁለቱን ማፈራረቅ መተው አይደለም» አለች ሐኪሟ፣ የደረቱን ራጅ እያየች። «እንዲያውም ሲጋራ ብቻ ከማጨስ የባሰ ሊጎዳዎት ይችላል።»

ሚስቱ «ሰማህ?» ብላ ልትጮህበት ስትል፣ ባሏ ፓኮውን ወደ ቆሻሻ መጣያው ወረወረ። «ይኸው፣ ጣልኩት!» አለ። ከዚያ ቬፑን አነሳ፤ ቀይ መብራቱን አየና እንደ ልማዱ እጁን ወደ ቦርሳዋ ዘረጋ።

ቻርጀሩ እዚያ ነበር። ሲጋራ ማቆሚያ መድኃኒት ነው ስላላት፣ ስምንት ወር ሙሉ መብራት በመጣ ቁጥር፣ ከስልኳ አስቀድማ የምትሰካለት እሷ ነበረች።